ሸራ፣ መስኮት፣ ገጸ ብርሃን፤ የእጅግ ስስ ማሳያዎች ታሪክና የስያሜያቸው ጥያቄ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ አንጻር

«ቀጭን» እና «ስስ» የሚሉት ሁለት ቅጽሎች በዕለት ንግግር የተቀራረቡ ይምሰሉ እንጂ፣ አማርኛን በጥንቃቄ የሚናገር ሰው አንዱን በሌላው ቦታ አያገባም። ክር ቀጭን ነው፤ ገመድ፣ አርጩሜ፣ ወገብ ቀጭን ነው። እንጀራ ግን ስስ ነው፤ ነጠላ፣ ወረቀት፣ የሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ይኸውም ቀጭን የሚባለው ርዝመት ኖሮት ዙሪያው ያነሰ ነገር ሲሆን፣ ስስ የሚባለው ደግሞ ርዝመትና ወርድ ኖሮት ውፍረቱ ያነሰ ነገር ነው። የሁለቱም ተቃራኒ «ወፍራም» በመሆኑ ልዩነቱ አንዳንዴ ይደበዝዛል። ከእነዚህ ላይ ሦስተኛ «ረቂቅ» ይጨመራል፤ እርሱም ከግዕዝ «ረቀቀ» የወጣ ሆኖ፣ ከመሳሳት አልፎ በዓይንና በእጅ የማይጨበጠውን፣ ከዚያም አልፎ በሐሳብ ብቻ የሚደረስበትን ነገር ያመለክታል።

ይህ የቃላት ልዩነት በዘመናችን ያልተጠበቀ ሥራ መጥቶለታል። በየሱቁ «ፍላት» እየተባለ የሚሸጠው ቴሌቪዥንና በየኪሱ የሚገኘው የእጅ ስልክ ከዓመት ዓመት እየሳሱ መጥተው፣ ዛሬ «ኦሌድ» በሚል አሕጽሮት የሚጠራው ማሳያ ከስስነት ወደ ረቂቅነት ተጠግቷል። አሕጽሮቱ «ኦርጋኒክ ላይት ኤሚቲንግ ዳዮድ» ከሚሉት አራት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ነው። ነገሩ ምንድን ነው? ከምን ተነሥቶ እዚህ ደረሰ? የአማርኛ ስሙስ ምን ሊሆን ይገባዋል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ጥያቄውን ከመካነ ሰላምና ከአካባቢዋ አንጻር ማንሣት ለጊዜው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ሩቅ አይደለም። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ስንል መካነ ሰላምን መነሻ አድርገን ቦረናን፣ አማራ ሳይንትን፣ ወግዲን፣ ከላላን፣ ለጋምቦን፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ተንታንና መቅደላን ማለታችን ነው። በምዕራብ ዓባይ፣ በሰሜን በሽሎ ቆርጠው የለዩት ይህ ደጋ፣ ጽሑፍ የሚሸከመውን ስስ ገጽ በሁለት ወገን ሲሠራና ሲገለገልበት የኖረ አገር ነው። በአንድ ወገን እንደ ሳይንቷ ተድባበ ማርያም ያሉት ጥንታውያን አድባራት የብራና መጻሕፍትን ሲያስጽፉና ሲጠብቁ ኖረዋል። በሌላው ወገን የእስልምና መምህራን የቁርኣን ተማሪዎቻቸውን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲያስጽፉ ኖረዋል። ይህ ሰሌዳ «ሉህ» ይባላል፤ ቃሉ ከዐረብኛው «ለውሕ» የመጣ ነው። በጥላሸት ቀለም የተጻፈበት ሉህ ትምህርቱ ሲያበቃ ይታጠባል፤ ከታጠበም በኋላ ሌላ ትምህርት ይጻፍበታል። ገጹ አንድ ሆኖ ጽሑፉ የሚለዋወጥበት መሣሪያ የሩቅ አገር ፋብሪካ ብቻ ያመጣው ሐሳብ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። «ሉህ» ዛሬ በአማርኛ ለአንድ ቅጠል ወረቀትም መጠሪያ ሆኗል። ምናልባት «ታብሌት» እያልን ለምንጠራው መሣሪያ ከዚህ የተሻለ ቃል አንፈልግ ይሆናል፤ ግን ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

የብራናን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ይነከራል፤ በመወጠሪያ ላይ ይወጠራል፤ በመፋቂያ እየተፋቀ ይሳሳል። የፋቂው ብልሃት የሚለካው ሳይበሳ ምን ያህል እንዳሳሳው ነው። ከዚያ ይቆረጣል፤ ይጠረዛል፤ ቁም ጸሓፊው በመቃ ብርዕ ይጽፍበታል፤ በእንጨት ገበታ ይደጎሳል፤ በመጨረሻም ከእርጥበትና ከአቧራ የሚጠብቀው የቆዳ ማኅደር ይሰፋለታል። «ማኅደር» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበለው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

«ብራና» የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ ቢባል፣ መልሱ ለስያሜ ሥራ ትልቅ ትምህርት አለው። ቃሉ ከግዕዝ የወረስነው ቢሆንም ግዕዝም ከውጭ የተቀበለው ነው፤ ምንጩ በላቲንና በግሪክ «ሜምብራና» የሚባለው፣ ስስ ቆዳ ወይም ሽፋን ማለት የሆነው ቃል ነው። ዐረቦች በበኩላቸው ብራናን «ረቅ» ይሉታል፤ ይህም ከእኛው «ረቀቀ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ስለዚህ በሦስቱም ወገን ብራና የተሰየመው በሚሸከመው ጽሑፍ ሳይሆን በስስነቱ ነው። ከዚህ ሌላ፣ የባዕድ ቃል ወደ አማርኛ በገባ ቁጥር ቅር ለሚላቸው ወገኖች፣ ከሁሉ ይልቅ የእኛ ነው ብለን የምንመካበት የብራና ስም እንግዳ ሆኖ መግባቱን ማስታወስ ሳይበጅ አይቀርም።

አሁን ወደ መቅደላ እንለፍ፤ የዚህ ጉዳይ ክብደት ያለው እዚያ ላይ ነውና። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ሊሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌላም ስፍራ ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር ተይዞ ንጉሡ ራሳቸውን ሲሰዉ፣ መጻሕፍቱም ንዋያተ ቅድሳቱም ተዘረፉ። ዝርፊያው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወስዶ እዚያው በጨረታ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪታንያ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆምስ ከገዢዎቹ ዋነኛው ነበር። ሙዚየሙ በዚህ መንገድ ያገኛቸው መጻሕፍት ወደ 350 ይጠጋሉ፤ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በጠየቁት መሠረት በ1872 እ.ኤ.አ. አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ ተመልሷል፤ የቀሩት አብዛኞቹ እዚያው ናቸው።

ከመቶ ዓመት በኋላ የብራና ምስል በሌላ ስስ ገጽ ላይ መነሣት ጀመረ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በየገዳማቱ እየዞረ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ከወሎ የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። «ፊልም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጥንተ ትርጉሙ ስስ ሽፋን ማለት መሆኑን ስናስብ፣ ብራናው ወደ ሞክሼው እንደተገለበጠ መቁጠር ይቻላል። በቅርብ ዘመን ደግሞ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ መጻሕፍቱ ብዙዎቹን በዲጂታል ምስል አንሥቶ ከሩቅ እንዲታዩ አድርጓል። እንግዲህ ከመቅደላ አምባ ሥር የተወለደ አንድ ተማሪ፣ ከአምባው የወጣውን መጽሐፍ ሊያይ የሚችለው በእጁ በያዘው ማሳያ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ዋስትና የለውም። በጥቅምት ወር 2023 እ.ኤ.አ. ቤተ መጻሕፍቱ በኮምፒዩተር ጥቃት በተመታ ጊዜ ምስሎቹን ማየት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ብራናው ለንደን ነበር፤ ምስሉም ጠፋ። የማሳያ ነገር ለዚህ አካባቢ የጌጥ ወይም የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

ስለ ማሳያዎች ታሪክ ስንናገር ከመሣሪያው ስም ይልቅ የብርሃኑን መንገድ ብንከተል ነገሩ ይቀልላል። ብራና፣ ወረቀትና ሉህ የራሳቸው ብርሃን የላቸውም፤ ከፀሐይ ወይም ከጧፍ የመጣው ብርሃን ወድቆባቸው ሲመለስ እናያቸዋለን። የሲኒማ ሸራም ከዚሁ ወገን ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» የሚል ቅጽል የወጣለት፣ ከሸራው ጀርባ ምንም ሳይኖር ሰውና ፈረስ ሸራው ላይ ሲሮጥ በመታየቱ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ሸራው ግን ጨርቅ ነበር፤ ብርሃኑ የመጣው ከተመልካቹ ኋላ ነበር።

ሁለተኛው ወገን ቴሌቪዥን ነው። በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር፣ መሣሪያው ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን በ1897 እ.ኤ.አ. የሠራውን የካቶድ ጨረር ቱቦ መሠረት ያደረገ ነበር። ቱቦው ከኋላ በኤሌክትሮን ጨረር እየተመታ ፊቱ ላይ የተቀባው ቅብ ያበራል፤ ስለዚህ ሣጥኑ ጥልቅ መሆን ነበረበት። ሣጥን በመሆኑና ፊቱም መስታወት በመሆኑ ሰው «የቴሌቪዥን መስኮት» አለው። አነጋገሩ እጅግ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ በጥሬ ፍቺው ትክክል አልነበረም፤ በዚያ መስታወት ውስጥ አልፎ የሚመጣ የውጭ ብርሃን አልነበረምና። የሚያስገርመው ቃሉ ትክክል የሆነው ኋላ፣ ሣጥኑ ከጠፋ በኋላ መሆኑ ነው። የፈሳሽ ክሪስታል ማሳያ የሚባለው፣ በየሱቁ «ኤልሲዲ» የሚሉት፣ በእርግጥ መስኮት ነው። ከጀርባው ነጭ መብራት ይበራል፤ ከፊቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የፈሳሽ ክሪስታል መዝጊያዎች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ መዝጊያ እንደ ትእዛዙ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ችግሩ መዝጊያው ፈጽሞ አለመግጠሙ ነው። ሌሊት በጨለማ ቤት ውስጥ ይህን ማሳያ ጥቁር ምስል እያሳየ ያየው ሰው፣ ጥቁሩ ግራጫ መሆኑን ያውቃል፤ ብርሃን በመዝጊያው ጠርዝ እየሾለከ ነው።

ሦስተኛው ወገን ኦሌድ ነው። እዚህ ብርሃኑ አይወድቅበትም፣ አያልፍበትምም፤ ከራሱ ከገጹ ይወጣል። እያንዳንዱ ነጥበ ምስል ራሱን የቻለ ኩራዝ ነው ማለት ይቻላል። ጥቁር መሆን ያለበት ነጥብ አይበራም፤ በቃ። ስለዚህ ጥቁሩ የእውነት ጨለማ ነው። የጀርባ መብራትና መዝጊያ ስለማያስፈልግ ደግሞ ውፍረቱ ሁሉ ይቀራል። የስስነቱ ምሥጢር ይኸው ነው፤ የሳሳው ከሌላው ተሽሎ ስለተፋቀ ሳይሆን ከሌላው የሚያስፈልገው ንብር ስላነሰ ነው።

የሥራው ታሪክ እንደዚህ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ናንሲ ከተማ አንድሬ ቤርናኖዝ ካርቦናዊ ውሁዶች በኤሌክትሪክ ኃይል ሲያበሩ ተመለከተ። በ1963 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ማርቲን ፖፕና ባልደረቦቹ የአንትራሲን ክሪስታልን በቀጥተኛ ጅረት አበሩ፤ ግን የሚያስፈልገው ቮልቴጅ እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ ለሥራ የሚውል አልነበረም። ወሳኙ እርምጃ የተገኘው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ፣ ሁለት ልዩ ልዩ ካርቦናዊ ንብሮችን አንዱን በአንዱ ላይ አድርገው በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል አገቡ። ከአንዱ ወገን ኤሌክትሮኖች፣ ከሌላው ወገን የኤሌክትሮን ጉድለቶች ወደ መካከል እየተጓዙ ሲገናኙ አረንጓዴ ብርሃን ወጣ፤ ቮልቴጁም ከ10 ያነሰ ነበር። የሁለቱ ንብሮች ውፍረት ተደምሮ 135 ናኖሜትር ገደማ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 80000 ናኖሜትር ያህል ነው ብንል፣ ጠጉሩ ከእነዚህ ንብሮች 600 ጊዜ ያህል ይወፍራል። ታንግ ከዚህ በፊት የሠራው በካርቦናዊ ውሁድ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ሕዋስ ላይ ነበር፤ ውጤቱን በ1986 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የፀሐይ ሕዋስና ይህ መብራት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሠሩ ዘመዳሞች በመሆናቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። በደጋው የገጠር ቤት ጣሪያ ላይ የምናያት ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ የምትሠራው በሲሊኮን ይሁን እንጂ፣ መርሁ ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1990 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በረጅም ሰንሰለት ሞለኪዩሎችም፣ ማለት በፖሊመር፣ ብርሃን ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። በ1997 እ.ኤ.አ. ፓዮኒየር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለመኪና ሬዲዮ የሚሆን ማሳያ ለገበያ አቀረበ። በ2007 እ.ኤ.አ. ሶኒ 11 ኢንች የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ቴሌቪዥን ሸጠ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኤልጂ የተባለው የኮርያ ኩባንያ ያሳየው 55 ኢንች ሰሌዳ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ፣ ክብደቱም 1.9 ኪሎግራም ሆኖ፣ በማግኔት ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በመስታወት ፈንታ በፕላስቲክ ላይ የተሠራ ማሳያ ያለው ታጣፊ ስልክ ለገበያ ወጣ። ኮዳክ ራሱ የኦሌድ ሥራውን በ2009 እ.ኤ.አ. ለኤልጂ ሸጦ ነበር፤ ፈልሳፊውና ባለጸጋው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

የዚህ ማሳያ ማራኪነት በስስነቱ ብቻ አይገኝም፤ እንዲያውም ለመካነ ሰላም ሰው የ55 ኢንች ሰሌዳ በግድግዳ መለጠፉ እምብዛም ላያስጨንቀው ይችላል። የሚያስጨንቀው ባትሪ ነው። በኦሌድ ላይ የሚበራው ነጥብ ብቻ ኃይል ይበላል። ስለዚህ በጥቁር ገጽ ላይ በነጭ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ፣ በነጭ ገጽ ላይ በጥቁር ከተጻፈው ያነሰ ኃይል ይወስዳል። ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የስልኩ ብርሃን ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ገጹን ወደ ጥቁር መለወጥ የሚቆጥበው ኃይል በአማካይ ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ግን ቁጠባው ከ39 እስከ 47 በመቶ ይደርሳል። ይህን ለደጋው ስንተረጉመው አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በመካነ ሰላም የቀትር ፀሐይ ስልኩን ለማንበብ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው መክፈት ግድ ነው፤ ቁጠባውም የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን የብራና መጽሐፍን ምስል ለማየት የከፈተ ሰው ምንም አይቆጥብም፤ ብራና ፈዛዛ ነጭ ገጽ ነውና ነጥቦቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይበራሉ። ብራና በዚህ ማሳያ ላይ እጅግ ውድ እንግዳ ነው።

በቀትር ፀሐይ ለሚነበብ ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከሁሉ የሚሻለው የኤሌክትሮኒክ ወረቀት የሚባለው፣ ብርሃን ወድቆበት የሚመለሰው ማሳያ ነው። እርሱ የሸራና የብራና ወገን ነው፤ ፀሐዩ በበረታ ቁጥር እየጠራ ይሄዳል፤ ገጹ እስኪለወጥ ድረስም ኃይል አይጠይቅም። ለቀለማት ግን ደካማ ነው። የብራና ሥዕልን ቀለም፣ የሐረጉን ጌጥ፣ የቀይ ቀለሙን መደብዘዝ ለማየት ኦሌድ ይበልጣል። ፊደላችንም ከንጽረቱ ይጠቀማል። በ«ሕ» እና በ«ሐ»፣ በ«ቸ» እና በ«ቼ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ጭረት ወይም አንዲት ቀለበት በመሆኑ፣ ሻካራ በነበሩት የቀድሞ ማሳያዎች ላይ ፊደሉ ሲያንስ እነዚህ ይዋጡ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ገብቶ በየመሣሪያው መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ ጥያቄው ፊደሉ መኖሩ ሳይሆን ጥርት ብሎ መታየቱ ሆኗል።

ትንንሾቹ ኦሌዶች ከትልልቆቹ ይልቅ ለኑሮ የቀረቡ ናቸው። በጣት ላይ ተደርጎ የደምን የኦክስጅን መጠን የሚለካው፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ስሙ የታወቀው መሣሪያ፣ በብዙ ዓይነቶቹ ቁጥሩን የሚያሳየው በትንሽ ኦሌድ ነው። በቴክኖሎጂ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ለመለማመጃ የሚጠቀሙበት፣ ከአንድ ኢንች ያነሰው ማሳያ 128 በ64 ነጥብ አለው፤ አንድን ፊደል በ16 በ16 ነጥብ ብንሥል በአንድ መሥመር 8፣ በአራት መሥመር 32 ፊደላት ይይዛል። ለአንድ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ስለሚያስተምር፣ እንዲህ ያለው ልምምድ ከአካባቢው ሩቅ መሆን የለበትም። ኦሌድ እንደ መብራት ሲሠራም ሙቀቱ ጥቂት፣ አልትራቫዮሌት ጨረሩ የለም ማለት ይቻላል፤ ብራናን ሳያጠወልጉ ለማሳየት የሚመች ብርሃን ነው።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ካርቦናዊ ንብሮቹ የውሃ ተንን እና ኦክስጅንን አይችሉም፤ እጅግ ጥቂት እርጥበት ከገባ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣሉ። ስለዚህ ማሳያው ሁሉ ተን በማያስገባ ስስ ሽፋን ይታሸጋል። ከሦስቱ ቀለማት ሰማያዊው ቶሎ ይደክማል። አንድ ምስል ሳይነቃነቅ ለረጅም ጊዜ ከቆመበትም ጥላው ታትሞ ይቀራል። ተፍቆ በድጋሚ የተጻፈበት ብራና የቀድሞ ጽሑፉን ጥላ እንደሚያሳይ ያየ ሰው ለዚህ አዲስ አይሆንም።

ወደ ስያሜው እንምጣ። በመጀመሪያ «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል እንዳለ መወሰዱ አንባቢን ያሳስታል። ዛሬ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ «ኦርጋኒክ» ማለት ኬሚካል ያልነካው እህል ወይም ፍግ ነው፤ ኦሌድ ግን ከኬሚካል በቀር ሌላ አይደለም። በሥነ ኬሚካ የተለመደው «ካርቦናዊ» ስለሆነ፣ ሙሉ ፍቺው «ብርሃን አመንጪ ካርቦናዊ ዳዮድ» መሆን ይገባዋል። ነገር ግን ሦስት ፊደል የሚበቃውን ነገር በአራት ቃላት የሚጠራ ገበያተኛ የለም፤ ስለዚህ «ኦሌድ» እንደ «ራዳር» ሁሉ በአማርኛ ስምነቱ ይጽና። በየጊዜው ለቴሌቪዥን «ምርአየ ኩነት»፣ ለኮምፒዩተር «መቀምር» የሚሉ ስያሜዎች ሲቀርቡ ተሰምቷል፤ ቃላቱ መልካም ናቸው፤ የመጡት ግን የባዕዱ ስም ቤቱን ከያዘ በኋላ ነው።

ዋናው ጥያቄ የመሣሪያው ሳይሆን የገጹ ስም ነው። የስልክ ጠጋኙ «ስክሪን» ይላል፤ ጋዜጠኛው «መስኮት» ይላል፤ ሲኒማ ወዳዱ «ሸራ» ይላል። ከላይ እንደተመለከትነው እነዚህ ሦስት ቃላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሸራ ብርሃን የሚወድቅበት፣ መስኮት ብርሃን የሚያልፍበት ነው። ከራሱ ለሚያበራው ገጽ ስም የለንም። ለዚህ «ገጸ ብርሃን» የሚለውን ለውይይት እናቀርባለን። አመሠራረቱ «ገጸ ምድር» እና «ገጸ ባሕርይ» ከሚሉት ጋር አንድ ነው። «ገጽ» የሚለው ቃልም «ድረ ገጽ» በሚለው ስያሜ አማካይነት ከብራናና ከወረቀት ወደ ማሳያ ተሻግሮ ቤተኛ ሆኗል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ከባድ ተቃውሞ ከራሱ ከአማርኛ ነው። «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ በእጃችን የያዝነው ስልክ ሽቦ የለውም፤ ማንም ግን ስሙ ይለወጥ አላለም። ስም ከተለመደ በኋላ ፍቺውን ከነገሩ ጋር ማመሳከር የሚያስፈልገው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንጂ ለተናጋሪው አይደለም። እንዲህ ከሆነ «መስኮት» ለሁሉም ቢውል ምን ይጎዳል? በዕለት ንግግር ምንም አይጎዳም፤ ይቀጥል። በትምህርት መጽሐፍ ግን ይጎዳል። የመስኮቱን ጥቁርና የኩራዙን ጥቁር ልዩነት ለተማሪ የምናስረዳው በአንድ ቃል ከሆነ፣ ልዩነቱ ከቃሉ ጋር ይጠፋል።

የተቀሩት ቃላት ያን ያህል አያከራክሩም። የእንግሊዝኛውን «ቲን ፊልም» «ስስ ፊልም» ማለት ተመልካቹን ወደ ሲኒማ ቤት ይወስደዋል፤ «ስስ ንብር» ይበቃል። ማሳያውን ከተን የሚጠብቀው ሽፋን «ማኅደር» ይባል፤ ሥራው የመጽሐፉ ማኅደር ሥራ ነው። ታትሞ የሚቀረው ጥላ «ቅሪተ አካል» በሚለው አምሳል «ቅሪተ ምስል» ሊባል ይችላል። ታጣፊ አልጋ ላለው ሕዝብ «ታጣፊ ስልክ» ማስተማር አያስፈልግም። ግድግዳ ላይ ለሚለጠፈው እጅግ ስስ ሰሌዳ «ረቂቅ» የሚለውን ቅጽል ልንሰጠው አይገባም፤ በእጅ የሚያዝ ነገር ስስ ነው። «ረቂቅ» የሚለው ለ135ቱ ናኖሜትር ይጠበቅ።

ለመዝገበ ቃላቱ የተዘጋጀው ረቂቅ ፍቺ እንደሚከተለው ነው፤ አስተያየት የሚሰጡበትም የሥነ ሕዝብ ልሳን አጥኚዎች ብቻ ሳይሆኑ በመካነ ሰላምና በተንታ ገበያ የሚሠሩ የስልክ ጠጋኞች፣ የግዕዝ መምህራንና የፊዚክስ አስተማሪዎች ቢሆኑ ይመረጣል።

ገጸ ብርሃን፤ ስም፤ ብርሃን ሳይወድቅበት ወይም ሳያልፍበት፣ እያንዳንዱ ነጥበ ምስል ከራሱ በሚያወጣው ብርሃን ጽሑፍን ወይም ሥዕልን የሚያሳይ ስስ ገጽ። ሸራንና መስኮትን ተመልከት።